ዛሬ አርባ ሁለት ነን

ጥቅምት 9

ይድረስ ወንበሬን ለወረስሽው መምህርት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታው ግማሽ መስመር፣ ቁጣው ሁለት ገጽ ነው። ቢሆንም እኔ ሰላምታ አልሰስትም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉሮሮሽስ? የዚያ ክፍል ጠመኔ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጊው። እኔ ደህና ነኝ፣ ዓይኔ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ልጄ ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቶኝ፣ ግማሽ እንግዳ ግማሽ ባለቤት ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ጡረታ ወጥተው፣ ከተማ ለቀው ሲያበቁ፣ ብሎግዎ ላይ አሁንም "ዛሬ ክፍል ገብቼ" እያሉ ስለ ስድስተኛ ለ የሚጽፉት በምን መብት ነው ላልሽኝ፣ መብት የለኝም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው ነገሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ባለበት ቀን ሁሉ አንድ ጽሑፍ ለጥፌአለሁ። መጀመሪያ የተገኙትን ልጆች ቁጥር፣ ቀጥሎ ከክፍሉ አንድ ነገር እጽፋለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። የሚያነቡኝ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር። ሹፌሩ "ጋሼ፣ የእርስዎን ሳላነብ መሪ አልጨብጥም" ይለኛል። ታዲያ ለዚህ ሰው "ወንድሜ፣ እኔ እንኳ ቤቴ ተቀምጫለሁ" ብዬ እንዴት ልንገረው? አፈርኩ።

እነዚህን ልጆች አምስተኛ ክፍል አስተምሬአቸው፣ አብሬአቸው ወደ ስድስተኛ ልወጣ ስል ነው ጡረታዬ የደረሰው። ስለዚህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ እልና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከበሩ ጀምሬ ዴስክ በዴስክ እሄዳለሁ። ዳኛው የምለው ልጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ሳቂታዋ የምላት ልጅ በምን እንደምትስቅ አውቃለሁ። "ዛሬ አርባ ሁለት ነን" እልና አንድ ነገር ፈጥሬ እጽፋለሁ። ውሸት ነው። ግን ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር።

የወንበርሽ እግር እኔ በጻፍኩበት ቀን መሰበሩን እንደ ተአምር አትቁጠሪው። ያ ወንበር እኔም ሳለሁ በሽተኛ ነበር፤ ባልጽፈውም አይቀርለትም።

ለአንባቢዎቼ እንዳትነግሪብኝ አደራ። ስልክ ቁጥርሽን ልከሽልኛል፣ ግን ጆሮዬ ስልክ ላይ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ በወረቀት ጻፊልኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ቁጥራቸውስ ሙሉ ነው?

ጡረተኛው


ጥቅምት 20

ለጋሼ፣

ባለፈው ያጎደልኩትን ሰላምታ አሁን ልሙላ፤ እንዴት ነዎት? ዓይንዎስ? እናቴ ያን ደብዳቤ ብታየው ኖሮ "ሽማግሌ ላይ አፍሽን ከፈትሽ?" ብላ መዓት ታወርድብኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ሲመስለኝ እቆጣለሁ።

የጠየቁኝ ቁጥር ላይ እመጣለሁ። አሁን የምጽፍልዎም በእሱ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም።

ወንበሩን ልተወው። ረቡዕ "ወፍ በመስኮት ገብታ የካርታው አናት ላይ ተቀመጠች" ብለው ጻፉ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ገባች፤ ካርታው ላይ ተቀመጠች። ሐሙስ የዳኛውን አፍንጫ አስደሙት፤ ደማ። ዓርብ "ሳቂታዋ ዛሬ አልሳቀችም" አሉ። አጠገቧ ያለው ልጅ ወድቆ ሱሪው ከኋላ ተቀደደ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷ ግን ፊቷን እንኳ አላነቃነቀችም። አሁን ከቤት ሳልወጣ ብሎግዎን አነባለሁ፤ ዝናብ ከጻፉ ጃንጥላ እይዛለሁ። ይሳቁ፣ ግን ሁለት ቀን ከመበስበስ አድነውኛል።

አሁን ቁጥሩ። አርባ ሁለት አይደለንም፣ አርባ ሦስት ነን። እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ አንዲት ልጅ መጥታለች። ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ አዲሷ እላታለሁ። ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ በበሩ በኩል ነው ያስቀመጥኳት።

ልጆቹ አያዩአትም። አኩርፈዋት አይደለም፤ ኩርፊያ እኮ አውቃለሁ፣ ኩርፊያ ውስጥ ማየት አለበት። እነዚህ ቦርሳቸውን ጭኗ ላይ ያስቀምጣሉ። የሒሳቡ አስተማሪ ስም ሲጠራ እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው "የትኛዋን?" አለኝ። አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ አቁሜ ተቆጣሁ፤ ልጅ አይገለልም፣ አያምርባችሁም ብዬ። አንዱ እጁን አወጣና በሙሉ አክብሮት "ቲቸር፣ ማንን ነው ያገለልነው?" አለኝ። እንዲህ ሲለኝ አጠገቧ ቆሞ ነው፤ ክንዱ ትከሻዋን ነክቶ።

ጋሼ፣ ሳይስቁ ይስሙኝ። ከዚህ ክፍል ልጆች ከቁጥርዎም ከጽሑፍዎም ውጪ የሆነችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን፣ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉላት። ሌላ አላስቸግርዎትም።

ተተኪዎ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለባለ ጃንጥላዋ መምህርት፣

ሳይስቁ ይስሙኝ ብለሽኝ ሳልስቅ ሰማሁሽ፤ ከዚያ ሳቅሁ። መልሴ አይሆንም ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ጠንቋይ አይደለሁም። የማላውቃትን ልጅ አልጽፍም።

"ሁሉንም እየፈጠሩ አይደል የሚጽፉት?" እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ አፍሽን እስከዚህ ድረስ እሰማዋለሁ። ልዩነት አለው። ዳኛውን አውቀዋለሁ፤ ስፈጥርም እሱ ላይ ነው የምፈጥረው። የማላውቃትን ልጅ ብፈጥር ግን የምትመጣው ማን ናት?

ደግሞ አዲስ ልጅ ሁሌም እንዲሁ ናት። ሁለት ወር ይፈጅባታል። አጠገቧ ለፍላፊ ልጅ አስቀምጪ፤ ጠመኔ አምጪ፣ ሰሌዳ አጥፊ እያልሽ ላኪያት፤ ይለምዷታል። አንቺም ሥራ በዝቶብሻል፤ እንቅልፍ ተኚ።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን አጥፌ ነበር፤ መልሼ ፈታሁት። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23፣ ልጄ በጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝና ሳልጽፍ ዋልኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሹፌሩ "ጋሼ ምነው ጠፉ?" ብሎ ጽፎልኛል፤ እሱ ምንም አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ድስት ረስቼ እንደወጣሁ ሆኖ ተሰማኝ። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ? ዋዛ አድርገሽ እንዳትመልሺልኝ።

ጡረተኛው


ኅዳር 5

ለጋሼ፣

መልስ ስላዘገየሁብዎት ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ማክሰኞ ምን ሆነ ላሉኝ፣ ማክሰኞ አልነበረም። የልጆቹን ደብተር ሰብስቤ አንድ በአንድ አየሁ። ሰኞ አለ፣ ከሥሩ ረቡዕ አለ። በመሃል ባዶ መስመር እንኳ የለም። በየቀኑ በራሴ እጅ የምሞላው ስም መጥሪያ ላይ የማክሰኞ ዓምድ ንጹሕ ነው። ጥበቃውን "ማክሰኞ በሩን የከፈተው ማን ነው?" ብዬ ስጠይቀው "እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን?" አለ፤ ከዚያ የቁልፉን ዘለላ አየና "እኔ ነኝ መሰለኝ" አለ። እኔም ያን ቀን ምን እንደለበስኩ አላውቅም። ሰኞ ተኛሁ፣ ረቡዕ ተነሣሁ። እርስዎ ባይጠይቁኝ አንድ ቀን እንደጎደለኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ደብተር ላይ ግን ማክሰኞ አለ። የአዲሷ። ቀኑን 23 ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ስለ ወንዞች አንድ ገጽ ሙሉ ገልብጣለች። በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ታርሟል፤ "ጎበዝ" የሚለውም የእኔ እጅ ነው። አስጠግቼ ጠየቅኋት። "ቲቸር፣ ያን ቀን እኮ እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን" አለችኝ። ደስ እያላት ነው የነገረችኝ፤ ለካ ስሟን ሰባት ጊዜ ጠርቼላት ነበር። ሌሎቹስ አልኳት። "ቁጭ ብለው ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ቤቷም ጀምሯል። "አክስቴ ትናንት ሳህን አላቀረበችልኝም፤ ረስታ ነው" አለችኝ፤ አክስቷን ልታሳጣት ስላልፈለገች ፈገግ እያለች። አክስቷን አስጠራኋት። ደግ ሴት ናት፣ እጇ የሥራ እጅ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "ምነው፣ ምን አጠፋች?" አለችኝ። መልሴን ሳልጨርስ "ይቅርታ መምህርት፣ ማንን ነበር ያልሽኝ?" አለች።

ጋሼ፣ እኔም ጀምሬአለሁ። ዓርብ ስም ጠርቼ ስጨርስ አርባ ሁለት ብዬ ደምሬ ፈርሜአለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ "ሦስተኛው ዴስክ፣ በበሩ በኩል፣ ሴት ልጅ አለች" ይላል። ጠዋት ጠዋት እሱን አንብቤ ነው ቀና ብዬ የማያት። አንድ ቀን ወረቀቱ ራሱ የማን እንደሆነ ቢጠፋብኝስ? አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትጽፍ ምላሷን በጥግ ታወጣለች። ማንም ሳያያት እንዳለች ልትቀርብኝ ነው።

አላውቃትም አሉኝ። እኔ አሳውቅዎታለሁ። የፈለጉትን ይጠይቁኝ፤ ብቻ ቶሎ ይሁን።

ተተኪዎ


ኅዳር 20

ልጄ፣

ይቅርታ ከሰላምታ ይቅደም። እንቅልፍ ተኚ ያልኩበትን ምላስ ይቁረጠው። እኔ የፈራሁት ነገሩ ቅዠትሽ እንዳይሆን አልነበረም፤ እውነት እንዳይሆን ነበር። ስለ ፈራሁ ሳቅሁብሽ።

ሦስት ገጽ መልስሽ ደርሶኛል። የጠየቅሁሽን ሁሉ አንድም ሳታስቀሪ ነግረሽኛል። የጫማዋ ማሰሪያ ቀለም፣ የድምፅዋ ቅጥነት፣ ደብተሯን በምን እንደለበጠችው፤ ይሄ ሁሉ አላስገኘልኝም ነበር። ስትናደድ ምን ታደርጋለች ላልኩሽ ግን "የእርሳሷን ጫፍ ሆን ብላ ትሰብርና፣ ራሷ ቁጭ ብላ ትቀርጸዋለች" አልሽኝ። እዚያ ላይ አገኘኋት። እንዲህ ያለች ልጅ ታወቀችኝ።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ጽፌአታለሁ። አንብበሽው ይሆናል፤ ግን በእጄም ልጻፍልሽ፤ በወረቀት የተጻፈ አይጠፋም። እንዲህ ነው ያልኩት፦

"ዛሬ አርባ ሁለት ነን። በሦስተኛው ዴስክ፣ በበሩ በኩል፣ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ቀለም በቀለም ናቸው። የእርሳሷ ጫፍ ተሰበረና ዳኛው ሳትጠይቀው መቅረጫውን አቀበላት።"

ሹፌሩ ወዲያው "እንኳን ደህና መጣች!" ብሎ ጻፈ። ልጄ በበሩ ብቅ ብላ "አባዬ፣ ምን ያስለቅስሃል?" አለችኝ፤ የዓይን ጠብታው ነው አልኳት።

ሐኪሙ ምን አለ ላልሽኝ፣ እሱን ለጊዜው ሆድ ይፍጀው። አንቺ ስለ ልጅቷ ንገሪኝ። ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ። ታየች? ቁጥራችሁስ ሙሉ ነው?

ጡረተኛው


ኅዳር 25

ለጋሼ፣

ታየች! ታየች፣ ታየች! እልል ብል ጎረቤት ይሰበሰብብኛል እንጂ እልል እል ነበር።

ሰኞ ገና ስገባ፣ ወረቀቴን ሳላነብ አየኋት። ዳኛው መቅረጫውን አቀበላት። ማክሰኞ ደግሞ "መቅረጫዬን አልመለሰችም" ብሎ ከሰሳት፤ ክሱን እንደ ሙዚቃ ነው ያዳመጥኩት። የሒሳቡ አስተማሪ ስሟን ጠርቶ፣ የቤት ሥራ አልሠራሽም ብሎ ቆሌዋን ገፈፈው። ልጅ ሲቆጡ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ረፋዱ ላይ አክስቷ እያለከለከች መጥታ "ይህቺ ልጅ ጭንቅላቷን ብቻ ነው የማትረሳው" ብላ የምሳ ዕቃዋን በአጥሩ አቀበለችኝ። በእረፍት ሰዓት ከሳቂታዋ ጋር ተያይዘው ሲሮጡ አይቼ፣ መምህራን ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እግዜር ዕድሜና ብርሃን ይስጥዎ።

ቁጥራችሁ ሙሉ ነው ወይ ላሉኝ፣ ሙሉ ነው። አርባ ሁለት። አንድም የቀረ የለም፣ አንድም ባዶ ቦታ የለም። ስም መጥሪያው ላይም አርባ ሁለት ስም ነው ያለው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። በፊት አርባ ሦስት ያልኩዎት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተደናግሮኝ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ምንም አዲስ ነገር የለም። አንዲት ሴት ብቻ፣ ከሰኞ ጀምሮ መውጫ ሰዓት ላይ በር ላይ ትቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ንጹሕ፣ ጨዋ ሴት። ጥበቃው "ማንን ልጥራልሽ?" ሲላት "ቆይ፣ ይመጣል" ትላለች። "ማን?" ሲላት ወደ ክፍሎቹ በር ታያለች። የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ ትቆምና ትሄዳለች። ትናንት እኔ ሄጄ ሰላም አልኳት። "መምህርት፣ አትቀየሚኝ፤ በዚህ ሰዓት እግሬ ራሱ ነው ወደዚህ የሚያመጣኝ" አለችኝ። ክንዷ ላይ የልጅ ኮት አንጠልጥላለች፤ አንዱ እጅጌ ገና አልተገጠመም። "ልኩ ጠፍቶብኝ ነው" አለችኝ። ምስኪን፣ አእምሮዋን ሳይነካት አልቀረም ብለን ከጥበቃው ጋር አዘንን።

ተተኪዎ


ታኅሣሥ 2

ልጄ፣

ያቺ ሴት አእምሮዋን አልነካትም። ልጇን ነው የምትጠብቀው።

ኅዳር 25 የጻፍሽውን እያነበብኩ ሳለሁ፣ ከኋላው የላክሻት አጭር ወረቀት ደረሰችኝ። "አርባ ሦስት ያልኩት እውነት ከነበረ፣ የጎደለው ማን ነው?" ብለሻል። ራስሽ ደርሰሽበታል። እውነት ነበር። ጥቅምት 20 የጻፍሽው እዚህ ፊቴ ነው፤ አርባ ሦስት ነን ይላል፣ ተሠምሮበታል። እኔ ደግሞ አዲሷን አስገብቼ ከላይ "ዛሬ አርባ ሁለት ነን" ብዬ ጻፍኩ። እንደ ሰላምታ ነው የምጽፈው፤ ሳላስበው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲመጣ ሲሄድ ቁጥሩን ሳርም ኖሬ፣ ያን ቀን ብቻ ልጅቷን አስቤ ቁጥሩን ረሳሁት። ክፍሉ ግን ቁጥሩን አልረሳም። አንዷን ሳስገባ አንዱን አስወጣ።

ማን ነው ላልሽኝ፣ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ዴስክ በዴስክ ሄድኩ፤ ሁሉም ሞልቷል። ሻንጣዬ ውስጥ የአምና የማርክ ወረቀቴ ነበር። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ማርክ አለ፤ ሰባ አንድ፣ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ አራት። ስም የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ልጅ ነው። መካከለኛ ልጅ ነበር ማለት ነው። እኔ ስጽፍ የኖርኩት ጎበዙን፣ በጥባጩን፣ አስቂኙን ነው፤ ይህን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሳልጽፈው ቀርቼ ይሆናል። በቁጥሩ ብቻ ነበር የተያዘው። እሱንም ነጠቅሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ታዲያ አርባ ሦስት ብለው አይጽፉም ወይ ትዪኛለሽ። ሞከርኩ። አርባ ሦስት ብዬ ጽፌ ስለጥፈው አርባ ሁለት ሆኖ ይወጣል። አጥፍቼ ደገምኩት። ዓይኔን ባላምነው ልጄን አስነበብኳት፤ አርባ ሁለት ነው የሚለው አለች። አሁንም ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ "አባዬ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?" እያለች። ሐኪሙ ያለውን ደብቄሽ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱንም ዓይኔን ኦፕራሲዮን አድርገው ይሸፍኑታል፤ ሲገለጥ ላይ ወይም ላላይ እችላለሁ። ከእንግዲህ ክፍሉ በእኔ አይሆንም። የሚያይ ሰው ነው መጻፍ ያለበት።

የብሎጉ የይለፍ ቃል በትንሿ ወረቀት ላይ አለልሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ቁጥሩን ብቻ ጻፊ። "አርባ ሦስት ነን" በዪና ተይው። መልክ አትስጪው፣ ቁመት አትስጪው። ያን ልጅ የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷ እስክታስታውሰው ድረስ ትጠብቅ፣ አንቺም ጠብቂ።

ጡረተኛው


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ዓይንዎ ተሸፍኖ ከሆነ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች። ለእሷም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የጻፍሽው ቁጥሩን ብቻ ነው ወይ ብለው አስጠይቀውኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት፣ አዎ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፤ "ዛሬ አርባ ሦስት ነን" ብቻ። ለእኔ አልተለወጠብኝም፣ እንደጻፍኩት ወጣ።

ስቆጥራቸው አርባ ሦስት ይሆናሉ። ስም ስጠራ "አቤት" የሚሉት አርባ ሁለት ናቸው። አምስተኛው ዴስክ ላይ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆች፣ አንዱ ከወዲህ ጫፍ ሌላው ከወዲያ ጫፍ፣ ከመቀመጫቸው ሊወድቁ ደርሰው ነበር። "ምነው ተራራቃችሁ? ወደ መሃል ተጠጉ" ብላቸው ተያዩና "ጠቦን ነው ቲቸር" አሉኝ። በእረፍት ሰዓት ሁሉንም አስወጥቼ በሩን ስቆልፍ፣ ከውስጥ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

በር ላይ እናትየው አለች። ሐሙስ "ዛሬ መጥቷል" አለችኝ፤ ፊቷ በርቶ። "መጥቷል፣ ግን የቱ ጋ እንዳለ አልታይ አለኝ።" እጇን ወደ ታች ዘርግታ ልጅ እንደሚያዝ አድርጋ ያዘች። ሰው ሁሉ እያያት እንደዚያ ሆና መንገድ ተሻገረች። ዓርብም እንደዚያው። ሰኞ ተመልሳ መጣች፤ "መምህርት፣ ማታ አልጋው ውስጥ ነው፤ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ ፊቱን ግን..." አለችኝ። እርስዎ ትጠብቅ አሉ። እርስዎ እዚያ በር ላይ ቆመው አላዩአትም ጋሼ። እኔ አልቻልኩም።

ማክሰኞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዛሬ አርባ ሦስት ነን። አምስተኛው ዴስክ ላይ፣ በሁለቱ መሃል፣ ረዘም ያለ ልጅ ተቀምጧል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።" ከየት አመጣሽው አይበሉኝ። ረዘም ያለ ያልኩት ኮቱን አይቼ ነው። ሌላው ዝም ብሎ መጣልኝ።

ገብቼ "እንደምን አደራችሁ" ስል አርባ ሦስቱም ተነሡ። በሁለቱ መሃል ቆሟል። ዳኛው "ቲቸር፣ ይሄ ልጅ እንደ ልማዱ እግሩን ዘርግቶብናል" ብሎ ከሰሰው፤ ከድሮ ጀምሮ እንደሚያውቀው። ስም መጥሪያው ላይ ስም አለ፣ በእኔ እጅ የተጻፈ። ተጫዋች ነው፤ ሲስቅ አፉን ይሸፍናል። የጠየቅሁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ያላስተማርኩትንም። እርስዎ ያሉት መካከለኛ ልጅ ግን አይደለም። እስካሁን አንድም አልሳተም።

መውጫ ላይ እናትየው አገጩን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ወዲህ አዞረችው፣ ወዲያ አዞረችው። እሱ ዝም ብሎ ታየላት። ከዚያ ኮቱን አለበሰችው፤ ልክክ አለ። እጁን ይዛ ስትሄድ አየሁና፣ እፎይ አልኩ ጋሼ፤ እውነቴን ነው። ጥበቃው "ይኸው፣ ይመጣል ስትል አልነበር!" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከደወል በፊት ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። ልጁ ቀድሟት ገብቶ ነበር፤ በመስኮት በኩል ቆሞ ያየናል። ጀርባዋን ሰጥታው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እብድ ናት እንዳትዪኝ" አለች። ምንም አይደል፣ ጠይቂኝ አልኳት።

"ልጄ ድሮም ግራኝ ነበር?"

ፊቷን አየሁት። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲለምነኝ አይቼ አላውቅም።

"አዎ" አልኳት። "ድሮም ግራኝ ነው።"

"ተመስገን" አለች። "እኔማ ድካም ነው እያልኩ ነበር።" ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፤ እኔም ደወሉ ሲደወል ገባሁ።

ጋሼ፣ ዓይንዎ ሲገለጥ በደህና ያይልዎ፤ በየቀኑ እጸልያለሁ። ያን የማርክ ወረቀት ግን አያውጡት። ምናልባት የዚያ ልጅ ፊት አንድ ቀን ድንገት ትዝ ካለዎት፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አይጻፉልኝ።

ተተኪዎ